«ገንዘቡ ተቆርጧል» እና «ገንዘቡ ደርሷል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው

ይሄኛው ጽሑፍ ረጅም ነው፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። ሱቅ የከፈታችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን ዛሬውኑ አንብቡት፤ ክፍል ውስጥ ስለማመድ የነበረውን ቁጣ በስልክ እንዳታስደግሙኝ።

ሰሞኑን እዚህ ጎብዬ የጣት ርዝመት ባላት የፖስ ማሽን ወረቀት ምክንያት ሰው ሊጋጭ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ዋናው አስፋልት ዳር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላት። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ ትሸጣለች። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ባንክ (ስሙን ተዉት) ፖስ ማሽን ሰጣት። እንግዲህ አንድ አባት ከታች ከቆላው መጥተው የቤት ክዳን ቆርቆሮ ገዙ። ገንዘቡን ሴት ልጃቸው ከጅዳ የላከችው ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ቤቱ ይከደን ብላ። ሒሳቡ 23,400 ብር ሆነ። ካርዱ ገባ፣ ሚስጥር ቁጥሩን ወንድ ልጃቸው ነካ፣ ማሽኑ «ጠብቁ» እያለ ሲዞር ሲዞር ኔትወርክ ሄደ። ከዚያ ወረቀት ተፋ። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ነው። ብዙም ሳይቆይ የአባትየው ስልክ ጮኸ፤ ከሒሳብዎ 23,400 ብር ወጪ ሆኗል ይላል። የልጅቷ ስልክ ግን ዝም።

«አባባ፣ ለኔ አልገባም፤ ካርዱን እንደገና ያስገቡልኝ» አለች።

«ልጄ፣ አንዴ ቆርጠሽኝ ደግሞ ሁለተኛ ልትቆርጭኝ ነው?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ትገምቱታላችሁ። ድምፅ ከፍ አለ፣ መንገደኛው ተሰበሰበ፣ ልጅየው «ሌባ» የምትለውን ቃል ወረወረ። እኛ አገር ይህቺ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ለራያ ሰው አላስረዳም። ወንድሟ ከጓዳ ወጣ። ደግነቱ ሽማግሌዎች ቅርብ ነበሩና ነገሩ በዚያው በረደ፤ ግን አላለቀም። ቆርቆሮው ሱቅ ውስጥ ቀረ፣ አባትየው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፣ ልጅቷ በንዴት ማሽኑን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

ራያ ቆቦ ዘወልድ የሚቀመጥበት አገር ነው። ደም የሚያደርቅ ሥርዓት ያለን ሰዎች ነን። ግን ሽማግሌዎቹ ይህን ምን ብለው ይፍረዱት? «ገንዘቡ ወጥቷል» የሚል መልእክት የያዘ ሰው አለ፤ «ገንዘቡ አልገባም» የምትል ነጋዴ አለች። ሁሉም ሰው ከሁለት አንዱ ዋሽቷል ብሎ ነው የተቀመጠው። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን እንደሚችል የጠረጠረ አልነበረም። እኔም ጭምር፣ እውነቱን ለመናገር።

በሦስተኛው ቀን «መምህሩ ይጠራ፣ እንግሊዝኛ ያነባል» ተባለና ሄድኩ። ወረቀቱን አነበብኩት። «ታይም አውት» ይላል፤ ጊዜው አለፈ ማለት ነው። የምን ጊዜ? ማን ላይ አለፈ? እንግሊዝኛውን ማንበብና ነገሩን መረዳት የተለያዩ መሆናቸውን ያን ቀን ተማርኩ። አፍሬ ወልድያ ባንክ ቤት የሚሠራ ሌላ የቀድሞ ተማሪዬ ጋ ደወልኩ። ጉዳዩን ሰምቶ ሳይጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦

«ቲቸር፣ ማሽኑ አሁን የት ነው?»

«መሳቢያ ውስጥ።»

«በርቷል?»

«አጥፍታዋለች።»

«በሉ አብሩት። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ወስዳችሁ በትንሽ ብር አንድ ሽያጭ ሞክሩ።»

ለካ ማሽኑ መልስ ሳያገኝ ሲቀር «የላክሁትን ጥያቄ ሰርዙልኝ» የሚል መልእክት በሆዱ ይይዛል። ስረዛው፣ በነሱ አነጋገር «ሪቨርሳል»፣ የሚሄደው ማሽኑ በሚቀጥለው ጊዜ መስመር ሲያገኝ ነው። ልጅቷ በንዴት ስታጠፋው የአባትየውን ገንዘብ የሚመልሰውን መልእክት አብራ ቆልፋበታለች። ቻርጅ አድርገን አበራነው፤ በራሴ ካርድ የ150 ብር ሚስማር ገዛሁ (ሚስማሩ እስካሁን ቤቴ ተቀምጧል፣ የሚፈልግ ካለ)። በማግስቱ አባትየው ስልክ ላይ 23,400 ብር ተመላሽ ሆነ። ካርዱን ግን ዳግም አላስገቡም። ቆቦ ሄደው ጥሬ ገንዘብ አውጥተው፣ በፌስታል ይዘው መጥተው ከፈሉ። ልጅየው ይቅርታ ጠየቀ፤ በወጉ ሳይሆን አንገቱን ደፍቶ።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም። ደንቆሮም የለም። ይቺ ልጅ አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ማሽኑን ሲሰጧት የወሰደው ሥልጠና፣ እንደነገረችኝ፣ አሥር ደቂቃ ነው። ካርዱን እዚህ አስገቢ፣ ብሩን ጻፊ፣ ቁጥሩን ያስነኩ፣ ወረቀቱን ስጪ። ነገሩ ሲሳካ ምን እንደምታደርግ ነገሯት፤ ሳይሳካ ሲቀር ምን እንደምታደርግ አልነገሯትም። መኪና የሚሸጥ ሰው ነዳጁን አሳይቶ ፍሬኑን ሳያሳይ እንደሚሄደው ማለት ነው። ጠቡ ደግሞ የሚመጣው ሁልጊዜ ባልተሳካው ላይ ነው።

ስለዚህ እኔ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። የባንክ ሰው አይደለሁም፤ የተሳሳትኩት ካለ ባንክ ቤት ያላችሁ አርሙኝ።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቅ። ካርድ ሲገባ የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ብቻ አይደሉም። የሱቁ ማሽን ለማሽኑ ባለቤት ባንክ ይናገራል። ካርዱ የሌላ ባንክ ከሆነ ያ ባንክ በመሀል ላለው ማገናኛ ይናገራል። እኛ አገር ይህ ማገናኛ ኢትስዊች ነው፤ ባንኮች በጋራ የያዙት ኩባንያ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. ነው በይፋ ሥራ የጀመረው። ከዚያ በፊት የአንዱ ባንክ ካርድ የሌላው ባንክ ማሽን ላይ በአብዛኛው እንደማይሠራ ታስታውሳላችሁ። ኢትስዊች ደግሞ ለደንበኛው ባንክ ያቀብላል። የደንበኛው ባንክ ሒሳቡን አይቶ «አለው» ወይም «የለውም» ይላል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ ሲያልቅ ነው እንጂ።

ከብት ተራ ላይ ያለውን ደላላ አስቡት። ገዢው ሩቅ ነው፤ ደላላው ሄዶ «ይህን ያህል አለህ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ተመልሶ «አለው፣ እኔ ዋስ ነኝ» ይላል። ያኔ በሬውን ትለቃለህ። ገንዘቡ ግን ገና ኪስህ አልገባም። አሁን ደላላው መልሱን ይዞ ሲመለስ ጎሊና ሞላበት በሉ። ከወንዙ ማዶ ገዢው ብሩን ቆጥሮ ለይቶ አስቀምጧል። ከወንዙ ወዲህ አንተ ምንም አልሰማህም። ገዢው «ከፍያለሁ» ቢል እውነቱን ነው። አንተም «አልደረሰኝም» ብትል እውነትህን ነው። ታይም አውት ማለት ይኸው ነው። «አልተሳካም» ማለት አይደለም፣ «ተሳክቷል» ማለትም አይደለም። «አላወቅሁም» ማለት ነው። ማሽኑ አላወቅሁም ሲል እኛ ለምን እናውቃለን እንላለን?

በዚህ ምክንያት ታይም አውት ሲመጣ ካርዱን ወዲያው ደግሞ ማስገባት ትልቁ ስህተት ነው። ሁለተኛው ከተሳካ ደንበኛው ለጊዜው ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል፤ አንዱ እስኪመለስለት ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያው አንተ ሌባ ነህ። ዕቃውን ዝም ብሎ መስጠትም ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም ስረዛው ከሄደ ገንዘቡ ወደ ደንበኛው ይመለሳል፤ ዕቃውም ገንዘቡም እሱ ዘንድ ይሆናል። የሚታወቅ ሰው ከሆነ በዱቤ መዝግቦ መስጠት ይቻላል፤ ያ በሰው ላይ ያለ እምነት ነው፣ የማሽኑ ጉዳይ አይደለም። የማይታወቅ ከሆነ በሌላ መንገድ ይክፈል ወይም ይጠብቅ። ወረቀቱ ግን በፍጹም አይጣል።

ወረቀቱ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ቁጥር ስትጥሏት አያለሁ። ማሽኑ መልስ ካገኘ «አፕሩቫል ኮድ» የሚል ስድስት ፊደል ወይም ቁጥር ይኖራል። ያ ከሌለ ወረቀት ስለወጣ ብቻ ተሳክቷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ ወረቀት ከተፋ የተከፈለ ይመስለዋል። ሌላው አሥራ ሁለት አሃዝ ያለው የሪፈረንስ ቁጥር ነው። ባንክ ቤት ሄዳችሁ «ማክሰኞ ከሰዓት የሆነ ሰውዬ» ብትሉ ማንም አይረዳችሁም፤ ያን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቁጥርና የካርዱን የመጨረሻ አራት አሃዝ ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ይገኛል። ደግሞ የወረቀቱ ቀለም ሙቀት ላይ ይጠፋል፤ በቆቦ ፀሐይ መስኮት ላይ የተሰካ ወረቀት በሁለት ሳምንት ነጭ ይሆናል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ስለ ሁለት አሃዝ ቁጥሮቹም ልንገራችሁ። አንዳንድ ማሽን ሲከለክል በቃል ይጽፋል፣ አንዳንዱ ቁጥር ብቻ ያወጣል። ቁጥሮቹ የመጡት የካርድ ማሽኖችና ባንኮች በዓለም ዙሪያ ከሚነጋገሩበት አይሶ 8583 ከሚባል ስምምነት ነው። 00 ተፈቅዷል ነው። 51 በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም። 55 ሚስጥር ቁጥሩ ተሳስቷል፤ 75 ደግሞ ከተፈቀደው በላይ ተሳስቷል፣ ከዚህ በኋላ ባንክ መሄድ ነው። 54 ካርዱ ጊዜው አልፎበታል። 61 ከተፈቀደለት ጣሪያ በላይ ጠይቋል። 05 ባንኩ እምቢ ብሏል፣ ምክንያቱን አልተናገረም። 91 የደንበኛው ባንክ አልተገኘም። 68 መልሱ መጣ፣ ግን ዘግይቶ።

91ን አስምሩበት። 91 ሲመጣ ሰውየው ገንዘብ ሊኖረው ይችላል፤ የጠፋው ባንኩ ነው። እኔ ራሴ አንድ ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ባለቤቴና ልጆቼ ባሉበት፣ አስተናጋጁ ጮክ ብሎ «ካርድዎ ገንዘብ የለውም» ብሎኛል። ደመወዜ የገባው በዚያው ቀን ነበር። ወረቀቱን ስለምኖ ሳየው 91 ይላል። ያኔ ቁጥሩን አላውቀውም ነበርና ዝም ብዬ ወጣሁ፤ ጓደኛዬ ከፈለልኝ። ደግሞ 51 ቢሆንስ? የሰው ድህነት በአደባባይ ይነገራል እንዴ? «አልሠራም፣ ሌላ መንገድ አለዎት?» ማለት ይበቃል። ይህ ከባንክ የሚማሩት አይደለም፣ ከቤት ነው።

ሌላው ግራ የሚያጋባው «ተፈቅዷል» እና «ገብቷል» የሚባሉት ልዩነት ነው። አፕሩቭድ የሚል ወረቀት ካያችሁ ደላላው ዋስ ሆኗል፤ ዕቃውን ስጡ። ገንዘቡ ግን በእናንተ ሒሳብ ላይ የሚታየው ባንኮቹ እርስ በርስ ተሳስበው ሲጨርሱ ነው። ያ መተሳሰብ ሴትልመንት ይባላል፤ እንደ ውላችሁ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሊሆን ይችላል፣ በዓልና እሑድ ሲገባበት ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። አንዳንዱ ማሽን ማታ ማታ የቀኑን ሒሳብ ዝጋ የሚል ቁልፍ አለው። የኛዋ ልጅ ይህን ቁልፍ ለሳምንታት አልነካችውም ነበር፤ ማን ነገራት? ከዚያ ሲገባላት ደግሞ ከሸጠችው ያነሰ ገባ። ተሰረቅሁ ብላ ልትሞት። ውሉን አምጪ አልኳት። አራተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ባንኩ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሽን እንደሚቀንስ ተጽፏል። ፈርማለች። አላነበበችም። ውሉም እንግሊዝኛ ነው።

ዕቃ ሲመለስም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሒሳቡ ሳይዘጋ በዚያው ቀን ከሆነ ማሽኑ ላይ ቮይድ ማለትም መሰረዝ ይቻላል። ከተዘጋ በኋላ ከሆነ ሪፈንድ ነው፤ በባንኩ በኩል ይሄዳል፣ ቀናትም ይወስዳል። በካርድ የተከፈለውን ከመሳቢያ በጥሬ ገንዘብ የምትመልሱ ሰዎች ተጠንቀቁ። ደንበኛው በጎን ለባንኩ አቤቱታ ካቀረበ ሁለተኛ ጊዜ ሊወሰድባችሁ ይችላል። ከመለሳችሁም አስፈርማችሁ መልሱ።

እዚህ ላይ የ2016ቱን ጉድ ሳላነሳ አላልፍም። ከእናንተ መካከል መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው በሒሳቡ ከሌለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ። ኤቲኤሙ ጋ እስከ ንጋት ሰልፍ ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በራሱ የሲስተም ሥራ ላይ የተፈጠረ ችግር ነው አለ፤ አገልግሎቱንም ለሰዓታት ዘጋ። በኋላ የተወሰደው ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሆነ ተነገረ። ከዚያ መልሱ ተባለ፣ ብዙዎች መለሱ፣ ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶአቸው ተለጠፈ። ያን ሰሞን የደወላችሁልኝ ልጆች ነበራችሁ፤ «ቲቸር፣ ማሽኑ እኮ ራሱ ነው የሰጠኝ» እያላችሁ። ማሽኑ ሰጠ ማለት ያንተ ሆነ ማለት እንዳልሆነ ያኔ አይተናል። አሁን ያንኑ ነገር ከሱቅ ባለቤት ወገን ሆናችሁ እዩት። «አፕሩቭድ» የአንድ ቅጽበት መልስ ነው፤ ሒሳቡ በኋላ ይመረመራል። ባንክ ሲሳሳት ገንዘቡን በሳምንት ውስጥ ፎቶ ለጥፎ ይመልሳል። የነጋዴዋ ገንዘብ መንገድ ላይ ሲቀር ግን «ጠብቂ» ነው። ፎቶ የሚለጥፍላት የለም። ይህ ነው የሚያናድደኝ።

ካርድ የላችሁም፣ በስልክ ነው የምትሠሩት? ለእናንተም ያው ነው። እንዲያውም ጎብዬ ውስጥ ፖስ ማሽን ያላቸውን ቤቶች በአንድ እጄ ጣት እቆጥራቸዋለሁ፤ ቴሌብርና ሞባይል ባንኪንግ ግን ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋም እህት አላት። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ነው የተጀመረው፤ በእነዚህ ዓመታት የነዳጅ ክፍያ ሳይቀር ወደ ስልክ ገብቷል። ግን ሰው አሁንም የሚያየው የገዢውን ስልክ ነው። ገዢው ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው፣ ተልኳል» ይላል፤ ሻጭዋ አንገቷን ነቅንቃ ዕቃውን ታስረክባለች። በሐሰት የተሠራ ስክሪንሾት በየገበያው ይዞራል። የሰው ስልክ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው የራስህ ሒሳብ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው እንጂ ከ09 ቁጥር አይደለም። ዳታ ከሌለ *127# ብላችሁ፣ ንግድ ባንክ ከሆነ *889# ብላችሁ ባላንሳችሁን እዩ፤ እነዚህ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ገዢው ቢቆጣ ይቆጣ። ሚዛን ላይ እህል ሲሰፈር ሚዛኑን አያለሁ ብትሉ የሚቆጣ አለ?

ግን ደግሞ በስልክ የላከ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም። ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ባንክ ሲላክ ላኪው ጋ «ተሳክቷል» ብሎ ተቀባዩ ጋ የማይደርስበት ጊዜ አለ። ፔንዲንግ ይሉታል፤ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ገንዘቡ አልጠፋም፣ ከሁለቱ ባንኮች መሀል በአንድ ሒሳብ ላይ ተቀምጧል። ወይ ይደርሳል፣ ወይ ይመለሳል። እዚያ ላይ ሰው መሳደብ ምን ይጠቅማል?

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ጥሬ ገንዘብ አይሻልም?» ትላላችሁ። ስሜቱ ይገባኛል። እኛ በ2013 መጨረሻና በ2014 ባንክ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስልክ ሞቶ ያሳለፍን ሰዎች ነን። በ2014 ክረምት እንደገና መጣብን። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶብን ነበር። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ እያለ እንጀራ መግዛት ያቃተውን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰዉ ማሽን ቢጠራጠር ኋላ ቀር ስለሆነ አይደለም፤ ያየውን አይቶ ነው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ጥሬ ገንዘቡን ቤቱ ያስቀመጠውም አጥቷል። ከቆቦ ወልድያ ብር በኪስ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ሾፌሮችን ጠይቁ። እኔ ወደ ጥሬ ገንዘብ እንመለስ አልልም። ማሽኑን ያመጡልን ሰዎች ሥራቸውን ይጨርሱ ነው የምለው።

ምን ያድርጉ? ወረቀቱን በአማርኛ ያውጡት። በቃ፣ ይህን ያህል ነው። «ተፈቅዷል»፣ «ተከልክሏል»፣ «መልስ አልመጣም፣ እንደገና አይሞክሩ»፣ «ተመላሽ ሆኗል»፣ «ወደ ሒሳብዎ ገብቷል»። አምስት መልእክት። በዚያች በሦስተኛዋ ብቻ የሰሞኑ ጠብ ባልተነሳ ነበር። ኤቲኤሙ ለአሥር ዓመት አማርኛ ሲናገር የኖረ ባንክ ፖሱ ላይ ሲደርስ ለምን ቋንቋው ይጠፋዋል? ለደንበኛው «ወጪ ሆኗል» የሚል መልእክት ሲልኩ ለነጋዴዋም «ጥያቄ መጥቷል፣ ገና አልተጠናቀቀም» የሚል ይላኩላት። ገንዘብ ሲንጠለጠል በስንት ቀን እንደሚመለስ ቁጥሩን ጽፈው ማሽኑ ጀርባ ላይ ይለጥፉት። ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አለው፤ ባንኮች ቅሬታ የሚቀበል ክፍል እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ቅርንጫፍ ላይ ግን ስትሄዱ «ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚያየው» ትባላላችሁ። ቅሬታችሁን በጽሑፍ ስጡ፣ የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉ። በቃል የተነገረ ቅሬታ በቃል ይጠፋል።

የባንክ ልጆች እንደምትቆጡ አውቃለሁ። «ቲቸር፣ ዒላማ ተሰጥቶን ነው፣ በወር ይህን ያህል ማሽን አከፋፍሉ ይሉናል፣ ማሠልጠኛ ጊዜ የለንም» ብሎ አንዱ በውስጥ መስመር ጽፎልኛል። አምነዋለሁ። ስለዚህ ቁጣዬ ዒላማውን ለሰጡት ይድረስ።

እኛም አስተማሪዎች አናመልጥም። ልጆቹን የወለድ ስሌት እናስተምራለን፣ የሚፈተኑትም እሱን ነው። የባንክ መልእክት አንብቦ «ይህ ገንዘብ አሁን የት ነው?» ብሎ መመለስ ግን የትኛውም ክፍል አላስተማርንም። ባለፈው ዓርብ ሙከራ አደረግሁ። ያችን የታይም አውት ወረቀት (የካርዱን ቁጥር ሸፍኜ) ክፍል ውስጥ ይዤ ገባሁና ገንዘቡ የት ነው አልኳቸው። ግማሹ «ሱቋ ጋ»፣ ግማሹ «ሰውየው ጋ» አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ «ገና አይታወቅም» አለች። እንዴት አወቅሽ ብላት እናቷ ጉሊት እንደምትነግድና እንዲህ ዓይነት ነገር ሦስት ጊዜ እንደገጠማት ነገረችኝ። ባንክ ያላስተማረውን ጉሊት አስተምሯታል።

አሁን ማሽን ያላችሁ የጎብዬ፣ የሮቢትና የቆቦ ልጆች፣ ያልገባችሁ ወረቀት ካለ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የካርዱን ሙሉ ቁጥር ሸፍኑት፤ ሚስጥር ቁጥር ለማንም አትናገሩ፣ ለኔም። የማላውቀውን ወልድያ ላለው ልጅ አስተላልፋለሁ፤ እሱም ፈቅዷል።

የዚያችኛዋ ተማሪዬ ጉዳይ ግን አልተዘጋም። መሳቢያዋን ስንፈትሽ ሌላ ወረቀት አገኘን፤ የአንድ የአይሱዙ ሾፌር፣ 6,200 ብር፣ አፕሩቫል ኮድ አለው፣ ሒሳቧ ላይ ግን የለም። ሾፌሩ ቀለሙን ጭኖ ሄዷል። ኮዱ ስላለ ስረዛ የለበትም፤ ገንዘቡ መግባት አለበት። ቅሬታውን በአማርኛ ጽፈን ሰኞ ዕለት ቅርንጫፉ ጋ አስገብተናል፤ የተቀበሉበትን ቁጥርም ይዘናል። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።